እዚህ አይሰካም

ኅዳር 3

ለውድ ወንድሜ ለጭራሮ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህ የቀና፣ እንቅልፍህም የሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ የፎቶ ቤቱን በር እከፍታለሁ። ከዚያ ያለፈውን ደህንነት ባትጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ወንድምህ በነሐሴ ከተቀበረ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተደዋውለናል፤ ሁለቱንም ጊዜ «እህ» «እህ» ስንባባል ቆይተን ዘጋነው። በሰው አገር የያዝከው ሥራ ደግሞ ራሱ ስልክ ነው። ኮምፒውተራቸው እምቢ ያላቸው የማታውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ላይ ሲጮሁ ይውላሉ። ከዚያ በኋላ የእኔን ትንፋሽ ማዳመጥ የለብህም። ወረቀት ዝም ቢል ማንም አይደነግጥም።

የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ከቀብሩ በኋላ ከፍቼ ልሠራ ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አንድ ቃል አልነገረኝም። የእኔን ስም ሞከርኩ፣ አልሆነም። የአንተን ሞከርኩ፣ አልሆነም። የሰርጋችንን ቀን ሞከርኩ፤ እሱንስ ድሮም አያስታውሰውም ነበር። በመጨረሻ ጎረቤት ካለው ሕንጻ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል። ሲፒዩውን ተሸክሞ ወስዶ በማግስቱ አዲስ ሲስተም ጭኖበት መለሰልኝ። የወንድምህን ሥራዎች ወደ ሌላ ቦታ አሽሽቼ መልሻቸዋለሁ፣ አንዱም አልጠፋም አለኝ። ደስ አለኝ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገመዶቹን ራሴ ሰካክቼ ሳበራው ስክሪኑ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ።

ፊደሉ ሁሉ ቡጢ ያህላል። ግማሹ ነገር ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። የደንበኛ ፎቶ ስከፍት ጉንጩ እንደ ደረጃ እርከን እርከን ሆኖ ይታየኛል። ማውሱን ስገፋው ቀስቱ ቆይቶ፣ አስቦበት ነው የሚመጣው። ከሁሉ የከፋው ወንድምህ ፎቶ የሚያድስበት ፕሮግራም ነው። ስከፍተው አርማውን ያሳየኛል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ ራሱን በራሱ ይዘጋል። እሱ ያደሳቸው ፎቶዎች ደግሞ በሌላ ፕሮግራም አይከፈቱም።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለደንበኛ ብዬ አይደለም። የእኔ ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው፤ እሱን ሌላም ቦታ ያነሱታል። የእናታችሁ ፎቶ ግን እዚያ ውስጥ ናት። ብቸኛዋ፣ ግማሽ ፊቷ የተቀደደው። ወረቀቱን እርጥበት በልቶት ስለነበር ስካን ሲደረግ ተፈርፍሮ ከመስታወቱ ላይ በብሩሽ ነው የተጠረገው። ወንድምህ ስድስት ወር ሲሠራባት ከርሞ፣ በሞተበት ሳምንት ማክሰኞ ቀን «ጨረስኳት፤ እሁድ ረጋ ብዬ አሳይሻለሁ» አለኝ። ሐሙስ ሞተ። አንተ እናትህ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ እኔ ደግሞ ከነጭራሹ አልደረስኩባትም። መልኳን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ሱቁን በሐምሌ መጨረሻ አስረክባለሁ። ዕቃውን ከነኮምፒውተሩ የሚገዛ ሰው ተገኝቷል። እስከዚያ ካልተከፈተች ላም አለኝ በሰማይ ሆና መቅረቷ ነው። እስቲ ምን ላድርግ?

ጭራሮ ሆነህ እንዳትቀር፣ ብላ።

የወንድምህ ሚስት፣ እህትህ


ኅዳር 29

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ካሉበት ይድረስዎ። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ። ክፍሌም ያቺው ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ የጎረቤት ግድግዳ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ይለፍ ቃሉ አይዘኑ። በሥራዬ እንዳየሁት ሚስቱን የሚወድ ሰው ስሟን የይለፍ ቃል አያደርግም። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

አዲስ ሲስተም ሲጫንበት ኮምፒውተር የገዛ ዕቃዎቹን ይረሳል። ከነዚህ አንዱ ስክሪኑ ላይ የምናየውን ሁሉ የሚስልለት ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያስተዋውቀው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ እርስዎ እንዳሉት ፊደሉ ያብጣል፣ ቀለሙ ይሰባበራል። የካርዱን ቁጥር በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ኢንተርኔት ቤት ሄደው ድራይቨሩን በፍላሽ ያስገልብጡ፣ ይጫኑት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ያረጋግጡልኝ። ካርዱን ከአራት ዓመት በፊት በሰው እጅ የላክሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ሲገጥሙት በስልክ አብሬያቸው ነበርኩ። ከሲፒዩው ኋላ የስክሪን ገመድ የሚገባበት ሁለት ሶኬት አለ። አንዱ የማሽኑ የራሱ ነው፣ ደካማ ነው። ሁለተኛው የካርዱ ነው። በኋላ እንዳይምታታባቸው ብዬ ደካማው ላይ ወረቀት እንዲለጥፉበት ነገርኳቸው። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። «እዚህ አይሰካም ይበሉ» አልኩ። ሲጽፉ የብዕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ወረቀቱ ካለና ገመዱ ሌላኛው ላይ ከተሰካ በዚያ በኩል ሰላም ነው፤ አይነካኩት።

ስለ እናታችን ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ስክሪኑን እናስተካክል።

ታናሽ ወንድምዎ


ታኅሣሥ 20

ለጭራሮ፣

እንደምን ከረምክ? ሰላምታዬ ብዙ ነበር፤ ፖስታው እንዳይከብድ አሳጠርኩት።

ወረቀቱ አለ። «እዚህ አይሰካም» ይላል፣ በዚያ በደቃቃ ጽሕፈቱ። ገመዱ ያለው ሌላኛው ላይ ነው። ይህን ጨርሰናል።

ድራይቨሩን ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አስገለበጥኩ። ጫንኩት። በትክክል ተጭኗል አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቡጢው ቡጢ ነው፣ ደረጃውም ደረጃ ነው። አስበው እስቲ፣ «አጥፍተው ያብሩት» የምትለዋ ምክር እኔ ጋ ለመድረስ ሃያ ቀን ይፈጅባታል። በኅዳር አጥፍቼ በታኅሣሥ ያበራሁት እየመሰለኝ ነው። ሥራ ቦታህ እንዲህ ብትሠራ ኖሮ ገና ድሮ ተባረህ ነበር። ይሁን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ፈጣኑን ያኔውኑ ጠርቼው ነበር። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ አየውና «እትዬ ሙች፣ እኔ ጋ እያለ ጥርት ያለ ነበር። እዚህ ሲመጣ ምን እንደነካው እንጃ። ሰው ይፈራ ይሆን እንዴ?» አለኝ። አሁን ደግሞ ስፈልገው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ገብቷል። በስሙ አላፈረም፣ ፈጥኖ ጠፋ።

ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ጉርድ ፎቶ ለማስቆረጥ የሚመጣ አለ፤ መቁረጫው ደህና ነው፣ እጄም ልምዱን አልረሳም። እቆርጣለሁ፣ በፖስታ አድርጌ እሰጣለሁ፣ በመስታወቱ መንገዱን አያለሁ። ሰዎች አሁንም ገባ ብለው «ወንድሙ መጣ ወይ?» ይሉኛል። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ።

እህትህ


ጥር 16

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን፤ ፈጣሪ ያጽናዎት። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እኔም ጠረጴዛው ጋ ነበርኩ፣ ብቻ አልጻፍኩም።

ጠጋኙ ጋ ጥርት ብሎ ከነበረ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፣ ካርዱም አልተቃጠለም። ችግሩ እርስዎ ጋ ሲደርስ የተጨመረ ነገር ነው ማለት ነው፤ ወይ ስክሪኑ፣ ወይ ገመዱ፣ ወይ የመብራቱ ኃይል። ሶኬቱን ወረቀቱ ስላረጋገጠልን ትቼዋለሁ። አዲስ ገመድ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ስክሪን ደግሞ ከጎረቤት ለአንድ ቀን ተውሰው ይሞክሩ።

ካልሆነም የእናታችንን ፋይል ብቻ በፍላሽ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ እኔ እዚህ እከፍተዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ዲስኩን ራሱን አስነቅለው ይላኩት። አራት ብሎን ነው።

ጋሼ ስለ መልኳ ነግረውዎት ያውቃሉ? እኔ ጠይቄያቸው አላውቅም። ፎቶው ሲያልቅ አየዋለሁ ብዬ ነበር።

ለሚጠይቁዎት ሰዎች የሰጡት መልስ ልክ ነው። ሥራ በዝቶ ነበር።

ታናሽ ወንድምዎ


መጋቢት 2

ይድረስ ለጭራሮ፣

ደህና ነህ ወይ? ደህና ነኝ።

ገመድህ ደረሰ። ቀየርኩት። ከማዶ ያለችው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ስክሪኗን ለአንድ እሁድ አዋሰችኝ፤ አቅፌው መንገድ ስሻገር ሾፌሮቹ ሁሉ ቆመው አሳለፉኝ። እሱም አበጠ። መብራት የሚያውቅ ሰው አስመጥቼ አስለካሁ፤ ምንም የለበትም አለኝ። እንግዲህ ከቆጠርካቸው ሦስቱም አለቁ።

ፋይሉን ገልብጠሽ ላኪ ላልከው፣ የትኛውን? ወንድምህ ለሥራው ስም አያወጣም፣ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የባለቤቱን ስም መዝገብ ላይ ይጽፋል። እናቱ ደንበኛ አልነበረችም፣ መዝገብ ላይ የለችም። ለሚያውቀው ሰው በነጻ የሠራውንም አይመዘግብም ነበርና መዝገብ ላይ የሌለው ከግማሽ ይበልጣል። ቀኑን አይቼ እንዳልለይ ፈጣኑ ሲያሸሻቸውና ሲመልሳቸው የሁሉም ቀን አንድ ሆኗል። ከአራት ሺህ በላይ ቁጥር ነው፣ አንዱም ሳይታይ አይታወቅም። ሁሉንም ገልብጪ ብትለኝ የፍላሽ መደርደሪያ ልሠራ ነው።

ዲስኩን ነቅዬ ግን አልክም። ቢጠፋስ? አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ በፖስታ አልቀብርም።

ስለ መልኳ አንድ ነገር ብቻ ነግሮኛል። «እናቴ ስትስቅ በግራ ጎኗ ብቻ ነው የምትስቀው፤ ቀኙ አይሰማም» ይል ነበር። ከፎቶው የተቀደደው ደግሞ ያው የግራው ነበር። አንተም እንደዚያ ነህ። ለፓስፖርት ወንድምህ ሲያነሳህ እየሳቅክ ወጥተህ፣ «ስቋል» ብለው መልሰውብህ፣ እንደገና ተኮሳትረህ ስትነሳ አስታውሳለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምን አልመጣህም? ሥራ በዝቶበት ነው ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። አንተ ከእኔ ወስደህ መልሰህ ለእኔው ጻፍከው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰባት ወር ያዝኩት። አልፈጀውም።

እህትህ


መጋቢት 24

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በዚህ ደብዳቤ ስለ ኮምፒውተሩ የምለው የለኝም። ምክሬ አልቋል።

ትኬት ቆርጬ ነበር። ፈቃድም ሰጥተውኝ ነበር። ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ታክሲው ከታች መጥቶ ጥሩንባ ነፋ። አልተነሳሁም። ፈርቼ አይደለም። ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ያ ነው ያስቀረኝ። ጋሼ ሞቱ ብለው ከነገሩኝ ሰዓት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። ያሳደገኝ ሰው ሞቶ በደረቅ ዓይን ከለቀስተኛ መሃል መቆም አፈርኩ። ታክሲው ደጋግሞ ነፋና ሄደ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። በዚያ ቀን አርባ ስልክ አነሳሁ። ለአርባውም «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አልኩ። ማንም ምንም አላወቀብኝም።

እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እንደተነቀለ ነገር። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔና ጋሼ ሁልጊዜ በስልክ ነበርን፤ የእጃቸው ጽሕፈት አንድም የለኝም። ያቺን ከሲፒዩው ኋላ ያለችውን ወረቀት ይላኩልኝ። ቃሉ የእኔ ቢሆንም እጁ የእሳቸው ነው። ፎቶዋ ካልተከፈተች እሷን እይዛለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ


ሚያዝያ 15

ለውድ ወንድሜ ለጭራሮ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ የእናትህ አምላክ ይጠብቅህ።

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ተናድጄብህ ነበር፣ አሁን የለም። እኔስ ያለቀስኩ መሰለህ? በቀብሩ ቀን ወንበር ስቆጥር ነው የዋልኩት። ስልሳ ተከራይተን አምሳ ስምንት ነበር የመጣልን። ሳጥኑ ሲወርድ እኔ ስለ ሁለቱ ወንበሮች አስባለሁ። ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ፣ ሊወድቅ ያለ ሰው መስዬያቸው። አንድ ጠብታ አልወጣኝም። እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ሰዎች «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት» ይሉኛል። ብትመጣ ኖሮ ሁለት ደረቅ ሆነን ጎን ለጎን እንቆም ነበር። ያ ነው የቆጨኝ፣ ሌላ አይደለም።

ገዢው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ዕቃውን አየ። ኮምፒውተሩን አበራና ከንፈሩን መጠጠ። «ችግር የለም፣ ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ» አለኝ። ሙልጭ የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ወረቀቷን በተመለከተ፣ ሱቁን እስካስረክብ እዚያው ትቆይልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይቺ ግን ትለቃለች፣ ሙጫዋ አልቋል። ለፈጣኑ ከመስጠቴ በፊት የሲፒዩውን ጀርባ ስወለውል በእጄ ላይ ተላጠች። የአራት ዓመት አቧራ ነበረበት፣ ለሰው እንዲያ አይሰጥም። መጣል አልሆነልኝም፤ ባንኮኒው መስታወት ላይ ለጥፌ አሳደርኳት። ሲፒዩው ሲመለስ በጥሩ ፕላስተር መልሼ ለጠፍኳትና ገመዱን ሰካሁ። ስለዚህ አትስጋ፣ አትጠፋም። ሐምሌ ላይ በደንብ ጠቅልዬ እልክልሃለሁ።

እህትህ


ግንቦት 8

እትዬ፣

ስለ ሰላምታው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደብዳቤዎን አሁን አንብቤ በጨረስኩበት እጄ ነው የምጽፈው።

የት መለሱ ለጠፏት?

ሲፒዩውን ያዙሩት። የኪቦርዱና የማውሱ ገመድ የሚገባበትን ያዩታል። ከነሱ ጎረቤት የሆነው ላይኛው ሶኬት ደካማው ነው፣ የማሽኑ የራሱ። ወረቀቷ መኖር ያለባት እሱ ላይ ነው። ከነዚያ ሁሉ ራቅ ብሎ ከታች ለብቻው የተጋደመው ሶኬት የካርዱ ነው። ወረቀቷ ምንም ትበል ምን፣ የስክሪኑን ገመድ ከታችኛው ላይ ይሰኩት።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። በቀን አርባ ሰው እጠይቃለሁ፤ «ገመዱ ላይ ነው የተሰካው ታች?» የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሷ ናት፣ ተኝቼም አልረሳትም። እርስዎን ግን ላይ ነው ታች አላልኩም። የጋሼ ወረቀት አለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለች ሲሉኝ በቃኝ። ማንንም የማላምነው ሰው የእሳቸውን ጽሕፈት አመንኩ። ስድስት ወር ሙሉ ድራይቨርና መብራት ሳሳድድ ከረምኩ።

ከተስተካከለ በኋላ ፕሮግራሙን ይክፈቱና ፎቶዎቹን በትንሽ በትንሹ ደርድሮ እንዲያሳይዎ ይዘዙት። ከዚያ ይፈልጓት።

ሰላምታዬ ይኸውና፣ ከልቤ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ


ሰኔ 2

ለውድ ወንድሜ ለጭራሮ፣

የምሥራች ከሰላምታ ይቀድማል፤ ተከፈተች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ነው። በሩን መልሼ ቆለፍኩና ሲፒዩውን አዞርኩት። እንዳልከው ነው። ወረቀቷ ታችኛው ላይ ነበረች። መልሼ ስለጥፋት ቦታዋን አላሰብኩም ነበር፤ ቀጥ ብላ መለጠፏን ብቻ ነበር የማየው። ላጥኳት። ገመዱን ከላይ ነቅዬ ከታች ስሰካ «ይቅርታ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ አላውቅም። አበራሁት፣ ጠቆረ። ማየት አልፈለግኩም፣ ወጥቼ ደጃፉን ጠረግኩ። ስመለስ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ፊደሉ ፊደል አክሎ፣ ቀስቱ ገና ሳስበው የሚሮጥ ሆኖ። ፕሮግራሙም ተከፈተ፣ አልጠቆረም።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አራት ሺህ ፊት በፊቴ አለፈ። ሙሽሮች፣ ጡረተኞች፣ ያደጉ ሕፃናት፣ ካንተ ጋር የተማሩ፣ እኔ በእጄ የቆረጥኳቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በሻሽ መጣች፣ በአንድ ጎኗ ትስቃለች። የማን ሚስት ናት ብዬ ላልፋት ነበር።

ጭራሮ፣ ወንድምህ ፎቶ ሲያድስ በንብርብር ነው የሚሠራው። እያንዳንዱን የጨመረውን ለብቻው ያስቀምጥና በዳር በኩል ስም ይጽፍበታል፤ ከስሙ ጎን ያለውን ምልክት ስትጫነው ያ ንብርብር ይጠፋል፣ ደግመህ ስትጫነው ይመለሳል። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። «ሻሽ» ይላል። «ግንባር» ይላል። «የአንገት ጥላ» ይላል። ከሁሉ በላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ግራ ጎን፣ ከጭራሮ ጉርድ ፎቶ፣ የተመለሰበት»።

ምልክቱን ተጫንኩት። ግማሽ ፊቷ ጠፍቶ ቀዳዳው ቀረ። መልሼ ተጫንኩት፣ ሳቀች። ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁና እንዳበራሁ እንጃ። እሱ ብቻ ነበር መልኳን የሚያውቀው፣ ይህን ጊዜ ሁሉ መልኳ የት እንዳለም ያውቅ ነበር። ሲነግረኝ የነበረው ያ «ቀኙ አይሰማም» የሚለው አሁን ገባኝ። አለቀስኩ አልልህም። አፍንጫዬ ግን ፈሰሰ፣ የፎቶ ማድረቂያውን ጨርቅ አበላሸሁት።

አትሜ ልኬልሃለሁ፣ በሁለት ካርቶን መሃል ናት። ወረቀቷን ግን ሃሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አልክም። በትክክለኛው ቦታዋ ላይኛው ላይ ለጥፌያታለሁ። ከፈለግካት መጥተህ ላጣት።

እህትህ


ሰኔ 25

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሜ ልደርስ እችላለሁና አሳጥረዋለሁ።

ሳትታጠፍ ደርሳለች። ጠረጴዛው ላይ አቁሜያት ሥራ ሄድኩ፣ ስመለስ እዚያው አለች። መታጠቢያ ክፍል ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ቀኝ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ለመሳቅ ሞከርኩ። ከነሐሴ ወዲህ አልሠራሁበትም ነበርና ጊዜ ወሰደ። ከዚያ መጣች። እጄ እስኪዝል አየኋት።

እንባ አልመጣም፣ እውነቱን ልንገርዎት። ግን ቆሜ ጠበቅኩት። ከዚህ በፊት ጠብቄው አላውቅም።

ሐምሌ 14 እገባለሁ። ሻንጣዬን ዘግቻለሁ፤ በሩ ጋ ነው ያቆምኩት፣ አልጋው አጠገብ አይደለም። ገዢው ቀድሞኝ ቢመጣ ይጠብቅ ይበሉት። ወረቀቷን አይላጡ፣ ገመዱንም አይንቀሉ። ጋሼን ሌሎች ቀበሩልኝ። ኮምፒውተሩን ግን የምነቅለው እኔ ነኝ።

ጭራሮ